የለገሠ ኮርቻ፣ የእንደሻው ሰንሰለት

እንደሻው የቴሌፎን ሽቦ ጠባቂ ነበር። ከሐረር ወደ ድሬዳዋ በሚወርደው መንገድ ነፋስ የጣለውን ምሰሶ ያቆማል፣ እረኛ በወንጭፍ የሰበረውን የምሰሶ ስኒ ይለውጣል፣ ለአምባር ተብሎ የተቆረጠውን ሽቦ ይቀጥላል። ለዚህ ሥራው ደመወዝ ተቆርጦለታል፤ ለፈረሱም ገብስ ይሰፈርለታል። ያ ዳማ ፈረስ በአዘቦት ቀን የሽቦ ጥቅልል ተሸክሞ አንገቱን ደፍቶ ሲሄድ ያየው ሰው የጭነት ከብት ነው ብሎ ያልፈዋል። በመስቀልና በጥምቀት ከሸዋ በር ውጭ ካለው ሜዳ ላይ ሲያየው ግን ዓይኑን ማመን ያቅተዋል።

ለእንደሻው ጉግስ ነፍሱ ነው። አባቱ ከሸዋ መጥተው ሐረር ላይ ጎጆ የቀለሱ ወታደር ነበሩ፤ ሲሞቱ ለልጃቸው ያወረሱት የጋሻ አያያዝና አንድ ኮርቻ ነው። የጋሻ አያያዙ ከዓመት ዓመት በሰለ፤ ኮርቻው ግን አረጀ። ቆዳው ተሰነጣጥቆ ገለባው በየስንጥቁ ብቅ ብሏል። አንዱ እርካብ የብረት ነው፣ ሌላው የእንጨት። ሜዳው ላይ በዘንጉ የሚያቀምሳቸው ጎረምሶች በክንዳቸው ያላገኙትን በአፋቸው ይበቀሉታል።

"እንደሻው፣ አንዲት ዶሮ ጠፍታብኛለች። ኮርቻህ ውስጥ ገብታ እንቁላል እየጣለች ይሆን?"

ሕዝቡ ይስቃል። እንደሻውም አብሮ ይስቃል። ቤቱ ሲገባ ግን ያ ሳቅ እንደ ቃር ሆኖ ይመለስበታል።

"ሰው የሚያየው ክንድ ሳይሆን ዕቃ ከሆነ፣ ዕቃ አመጣላቸዋለሁ!" ብሎ አንድ ቀን ለሚስቱ ለገላነሽ ፎከረ። ያ የኅዳር በሽታ ካለፈ በኋላ የነበረው ዓመት ነው።

ገላነሽ ነገር በአጭሩ የምትቆርጥ ሴት ነበረች። "አምጣ። ከልጆቹ አፍ አንዲት ጉርሻ እንዳትነካ እንጂ፣ ፈረስህን ብር በብር ብታለብሰው እኔ ምን ቸገረኝ።"

ጀጎል ውስጥ አው በድሪ የሚባሉ ሽማግሌ አንጥረኛ ነበሩ። የሙሽራ አምባርና ድሪ ይሠራሉ፤ ለኮርቻና ለልጓም ጌጥም እጃቸው የተመሰገነ ነው። እንደሻው ሄዶ ያማረውን ነገራቸው፤ በብር የተለበጠ ኮርቻ፣ ከነልጓሙ፣ ከነእርካቡ።

"ብሩ ከራስህ ነው የሚወጣው" አሉት። "ጠገራውን እያመጣህ እኔ ዘንድ ታስቀምጣለህ፤ ሲሞላ አቅልጬ እሠራልሃለሁ። እስከዚያው አማና ነው፣ አደራ ነው፤ አላህ ያየኛል።"

"በዱቤ አይሠሩልኝም?" ብሎ ሞከራቸው።

አው በድሪ ከመዶሻቸው ቀና አሉ። "እምቢ አልልህም፤ ሰው ነህ፣ አውቅሃለሁ። ግን ዕዳ ሌሊት ሐሳብ፣ ቀን ውርደት ነው ይላሉ አባቶቻችን። ተው፣ ልጄ፤ ቀስ ብለህ አምጣ።"

እሺ አላቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠጅ ቤት ማምሸት ቀረ። ከድሬዳዋ ሲመለስ የነጋዴ ዕቃ በፈረሱ ላይ ይጭንና ያንን ሁሉ ዳገት እርሱ በእግሩ ይወጣዋል። በዚህ ያገኛትን ጠገራ ለአው በድሪ ያስረክባል፤ እሳቸው ድንጋይ ላይ ወርወር አድርገው ድምፅዋን ይሰሙና ከከረጢቱ ይጨምሯታል። እንዲህ እያለ ሦስት ዓመት ሊሞላው ተቃረበ። ጫማ ሳይቀይር፣ ጋቢ ሳይለውጥ ማለት ነው።

እንግዲህ ለገሠ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ለገሠ የእንደሻው አበልጅ ነበር፤ የበኩር ልጁን ክርስትና ያነሣለት። ለአንድ መኰንን አድሮ ያገለግላል። ሸማው ሁልጊዜ የታጠበ ነው፤ ጨዋታው ለቅሶ ቤት እንኳ ያስቃል። ደመወዙ አንድ ጊዜ ሲመጣ ሦስት ጊዜ ይቀራል፤ ለገሠ ግን አጣሁ ሲል ተሰምቶ አይታወቅም። ጠጁ በዱቤ፣ ሸማው በዱቤ፣ የበዓል በጉ በዱቤ ነው። ጉግስም ይወዳል፤ ማለት ፈረስ ላይ ሆኖ መታየት ይወዳል እንጂ መምታቱ እንኳ ብዙም አይሆንለትም።

በዚያ ክረምት ሸዋ በር አጠገብ ሱቅ የነበረው ሀብተወልድ የሚባል ነጋዴ ከወደ ጠረፍ አንድ የተሠራ ኮርቻ አስመጥቶ ከሱቁ ደጃፍ ሰቀለው። ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን ያጥበረብራል። ዋጋው እጅ በእጅ ለሚከፍል ሠላሳ ጠገራ፣ በዱቤ ለሚወስድ አምሳ ነው ተባለ። እንደሻው በዚያ ባለፈ ቁጥር ዓይኑ ወደዚያው ይሄድበታል። "የእኔ ሲሠራ ይበልጠዋል" እያለ ራሱን ያጽናናል።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ የጊዮርጊስ ማኅበር ነበር። ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ተቀድቶ፣ ቄሱ ሊመርቁ ሲሉ ለገሠ ብድግ አለ።

"አባቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ዘንድሮ ለመስቀል ጌታዬ ፊት በውሰት ኮርቻ አልወጣም። ሀብተወልድ ኮርቻውን እሰጥሃለሁ ብሎኛል፤ የጠየቀኝ ዋስ ብቻ ነው። ዋሴ ደግሞ አበልጄ ካልሆነ ማን ሊሆን ነው?"

ሰው ሁሉ ዞሮ እንደሻውን አየ። እንደሻው ፊቱ ጋለ። ለብቻው ጠርቶ ቢለምነው እምቢ ይለው ነበር። ለገሠም ይህን ያውቃል፤ በሰው ፊት የጠየቀውም ስለዚሁ ነው።

"መቼ ነው የምትከፍለው?" አለው።

"ለጥምቀት! ደመወዜ ለገና ይወጣል። ልጅህን ክርስትና ያነሣሁበት ይህ እጄ ይድረቅ!"

"በል እንግዲህ" አሉ ቄሱ፣ "የክርስትና ዝምድና ከሥጋ ይበልጣል።"

እንደሻው እሺ አለ። ማታ ለገላነሽ ሲነግራት እንዝርቷን አቁማ አየችው።

"ለራስህ ያልደፈርከውን ዱቤ ለለገሠ ደፈርክለት?"



መስቀል መጣ። ለገሠ በዚያ በሚያብረቀርቅ ኮርቻ ላይ ሆኖ ሲገባ ሜዳው በእልልታ ተናወጠ። እንደሻው በገለባው ኮርቻ ላይ ተቀምጦ ገጠመው፤ አንድ ጊዜ ትከሻውን፣ አንድ ጊዜ ጀርባውን አገኘው፤ በሦስተኛው ለገሠ ጋሻውን ጥሎ ሸሸ። ማን እንዳሸነፈ ዓይን ያለው ሁሉ አይቷል። ይሁን እንጂ ጨዋታው ሲያበቃ መኰንኑ አስጠርተው ጥበብ ኩታ ያለበሱት ለገሠን ነው። "ያ ባለ ብር ኮርቻው የት አለ? ሜዳውን አሳመረው!" አሉ ይባላል። እንደሻው ከዳር ቆሞ የፈረሱን ላብ ይጠርግ ነበር። እርሱ ዋስ በቆመበት ኮርቻ፣ እርሱ የመታው ሰው ተሸለመ!

ጥምቀት ደረሰ፤ ለገሠ አልከፈለም። ደመወዙ ዘግይቷል። ለዓቢይ ጾም መግቢያ አለ፤ አሁንም የለም። ከዚያ ጌታው ጨርጨር ሲወርዱ እርሱም በዚያው ኮርቻ ላይ ተፈናጦ ተከትሏቸው ሄደ። በሦስተኛው ቀን ሀብተወልድ እንደሻው ደጅ ቆመ።

"ብሬን" አለ።

"ብርህን ኮርቻውን ከወሰደው ሰው ተቀበል።"

"እኔ ለገሠን አምኜ አልሰጠሁም፤ አንተን አምኜ ነው። ለገሠ ዛሬ ጨርጨር ነው፣ ነገ የት እንደሚሆን አላውቅም። አንተን ግን ሽቦውን ተከትዬ ስሄድ አገኝሃለሁ።"

እንደሻው ደሙ ፈላ። "ይህን ያህል ካመንከኝ ኮርቻውን ለምን ለእኔ አልሸጥክልኝም? ስንት ጊዜ ቆሜ ሳየው አይተኸኛል!"

ሀብተወልድ ሳያፍር ሳቀ። "አንተ ቆጥበህ መጥተህ ሠላሳ ቆጥረህ የምትሄድ ሰው ነህ። እንዳንተ ያለ ገዢ ለሱቅ ምን ይጠቅማል? እኔን የሚያኖረኝ ለገሠ ነው።"

ነገሩ ዳኛ ፊት ቀረበ። ዳኛው ጠየቁ፤ "ዋስ ነኝ ብለሃል?"

"ብያለሁ ጌታዬ፣ ግን ኮርቻውን..."

"ግን የሚባል ዋስ የለም። ክፈል፤ እስክትከፍል ቁራኛ።"

በዚያ ዘመን ባለዕዳን ከአበዳሪው ሰው ጋር እጅ ለእጅ አቆራኝቶ ማዋል ልማድ ነበር። ሀብተወልድ ራሱ አልታሰረም፤ ሥራ አለበት። አሰፋ የሚባሉ ሽማግሌ አሽከሩን ላከ። አሰፋ አንገታቸውን ሰብረው ግራ እጃቸውን ዘረጉ፣ እንደሻው ቀኝ እጁን ዘረጋ፣ ሰንሰለቱ ተቆለፈ። ከሸዋ በር ገብተው ወደ ፈረስ መጋላ ሲወጡ ቅጠል የምትሸጠው፣ ሥጋ የሚመዝነው ሁሉ ዞሮ አየ። ከጎረምሶቹም አንዱ ዝም ብሎ አላለፈውም።

"እንደሻው፣ እንኳን ደስ ያለህ! ኮርቻ ገዛህ አሉ!"

እንደሻው የዚያን ጊዜ አለመሞቱ ይደንቃል። ያልበላውን፣ ያልጠጣውን፣ ያልተቀመጠበትን! ባለዕዳው ጨርጨር ላይ ፈረስ ያሰግራል፤ እርሱ እንደ ሌባ ታስሮ በገበያ መካከል ይጎተታል። ዕዳ ከሜዳ ማለት ይኸው ነው።

ገላነሽ ሁለቱንም ተቀብላ አበላች። ለእንግዳው ጥሩውን ጋቢ ሰጠች። ከዚያ ባሏን፣ "ብሩ አው በድሪ ዘንድ አለ። ክፈልና ተገላገል" አለችው።

"አልከፍልም! የበላው ይክፈል!"

"የታሰረው ግን አንተ ነህ።"

"እታሰራለሁ! እርሱ እስኪመጣ እታሰራለሁ! ሦስት ዓመት በእግሬ የወጣሁት ዳገት ለለገሠ መቀመጫ አይሆንም!"

በማግስቱ ሽቦ ተቆርጧል የሚል ወሬ መጣ። ሽቦ ደግሞ ሰንሰለት አያውቅም፤ ሁለቱም ሄዱ። ምሰሶው ሥር ሲደርሱ አሰፋ ሰንሰለቱንም ምሰሶውንም አዩና ቁልፉን ከመቀነታቸው ፈተው እጁን ለቀቁት።

"ባመልጥዎትስ ጋሼ?" አላቸው እንደሻው።

"አንተ የምታመልጥ ሰው ብትሆን ኖሮ መች ትታሰር ነበር" አሉት። "ውጣ፤ ፈረሱን እይዝልሃለሁ።"

እንደሻው ምሰሶው ላይ ወጥቶ ሽቦውን እየቀጠለ ዓይኑ እንባ ሞላ። ከአሰፋ በቀር የሚያምነው ሰው ሁሉ የሚያምነው ለማሰር መሆኑ ነው የገረመው።

እንደሻው፣ ለገሠ ከጨርጨር ተመለሰ ሲባል የሰማው ከገበያ ነው። አሰፋን አስከትሎ በቀጥታ ወደ ለገሠ ቤት ገሰገሰ። ኮርቻው ከግድግዳው ላይ ተወልውሎ ተሰቅሏል። ለገሠ ሰንሰለቱን አይቶ እንኳ ፊቱ አልተለወጠም።

"ውይ አበልጄን! ይህ ሀብተወልድ ደግሞ አበዛው! ግቡ፣ ተቀመጡ። ጠላ ቅዱላቸው!"

"ጠላህን አልጠጣም። ብሩን ክፈል።"

"እከፍላለሁ አልኩህ እኮ። ቀን ስጠኝ።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠጋ አለ። "ደግሞ አንተ አው በድሪ ዘንድ ብር አለህ አሉ። ለጊዜው ክፈልልኝ፤ በእኔና በአንተ መካከል ምን ልዩነት አለ? ብርህ ከረጢት ውስጥ ተኝቶ ምን ይሠራልሃል? አንተ ስትቆጥብ ሦስት ዓመት ገለባ ላይ ተቀመጥክ። እኔ በአንድ ቀን ወሰድኩ፣ በአንድ ቀን ተሸለምኩ። ሰው ዓለሙን በሕይወቱ ነው የሚያየው፣ አበልጅ!"

"የተቀመጥክበት የእኔ ሦስት ዓመት ነው!" ብሎ ጮኸ እንደሻው። ሰንሰለቱ ሲወጠር አሰፋ ተንገዳገዱ። "አውርድና ለባለቤቱ መልስለት!"

"ከፋሲካ በፊት? ጌታዬ ፊት ምን ይዤ ልወጣ?"

ይህን ያለው እየቀለደ አይደለም። ከልቡ ነው። እንደሻው ያን ጊዜ ገባው፤ ለገሠ ሲዋሽ የኖረ ሰው አይደለም፤ እከፍላለሁ ሲል በእውነት የሚከፍል ይመስለዋል። በሌላው ትከሻ ላይ መቀመጥ ክፉ መሆኑን የነገረው ሰው የለም፤ ቢነግሩትም አይሰማም። የሚዋሽ ሰውስ መድኃኒት አለው፣ ለዚህ ምን ይደረግለታል?

ከዚያ ቤት ወጥቶ ወደ ጀጎል፣ ወደ አው በድሪ ሄደ። ሽማግሌው ሰንሰለቱን ሲያዩ "ላ ሐውለ ወላ ቁወተ ኢላ ቢላህ! ከአላህ በቀር ኃይል የለም!" ብለው መዶሻቸውን ጣሉ። ምንም ሳይጠይቁ ከረጢቱን አውጥተው ፊቱ አኖሩለት። አምሳው ሲቆጠር ከረጢቱ ባዶ ለመሆን ጥቂት ቀረው። ሀብተወልድ ብሩን ተቀብሎ ሰንሰለቱን አስፈታ። "እንዲህ ነው ዋስ!" አለ፣ እንደማመስገን።

እንደሻው ግን በዚያ አልተኛም። ከዳኛው ፊት ተመልሶ ቀረበ። "እኔ ከፍያለሁ፤ እንግዲህ ኮርቻው የማን ነው?" ዳኛው የእርሱ መሆኑን ፈረዱ፤ ሰው ጨምረውለት ከለገሠ ግድግዳ ላይ አወረደው። ለገሠ ደጁ ላይ ቆሞ መንደሩ ሁሉ እስኪሰማ፣ "ለአንድ ኮርቻ ብሎ የክርስትና ዝምድናን! ለኮርቻ!" እያለ ይጮህ ነበር። ከጎረቤቶቹም ራሳቸውን እየነቀነቁ "ግፍ ነው" ያሉ አሉ። ግፈኛው እንደሻው ነው ማለታቸው ነው።

ያን ኮርቻ እንደሻው ሊቀመጥበት አልወደደም። አቅልጠው የራሱን እንዲሠሩለት ወደ አው በድሪ ወሰደው። እሳቸው ከጌጡ ጫፍ በሞረድ ጥቂት ፈቀፈቁና ለብርሃን አሳዩት። ከሥሩ ቀይ ነው። መዳብ፣ ብር የተቀባ።

እንደሻው ኮርቻውን በትከሻው ተሸክሞ ሀብተወልድ ሱቅ ደረሰ።

"ይህ መዳብ ነው!"

"ታዲያ እኔ ብር ነው ብያለሁ?" አለ ሀብተወልድ። "ያብረቀርቃል አልኩ፤ ያብረቀርቃል። ለገሠ መች ጠየቀኝ? በዱቤ የሚወስድ ሰው ፈቅፍቆ አያይም፤ ቶሎ ብሎ ነው ይዞ የሚሄደው።"

ለመዳብ አምሳ ጠገራ! እንደሻው እንደገና ልክሰስ ብሎ ሄዶ ነበር፤ ዳኛው ውሉ ላይ ብር የሚል ቃል የለም ብለው መለሱት። በመጨረሻ ከወደ ቆምቦልቻ ለመጣ አንድ ባላገር ሸጠው። መዳብ መሆኑን ነግሮ፣ የተፈቀፈቀውን ጫፍ አሳይቶ ነው የሸጠው፤ ስለዚህም ያገኘው ጥቂት ነበር። ገላነሽ "ምን ነበር ዝም ብትል?" አላለችውም። ይህን ስላላለች እስከ ዕድሜው መጨረሻ አመሰገናት።

በሚቀጥለው ነሐሴ እንደገና ማኅበር ተቀመጡ። ዳቦው እንደተቆረሰ ለገሠ ብድግ አለ። ዘንድሮ አንድ ጥሩ ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ አግኝቷል፤ ባለቤቱ የጠየቀው ዋስ ብቻ ነው። ወደ ኪዳነወልድ ዞረ፤ ኪዳነወልድ ዝምተኛ፣ ሰው ፊት መናገር የሚያፍር ሸማኔ ነው።

እንደሻው ተነሣ። "ኪዳነወልድ፣ እሺ ከማለትህ በፊት ይህን የእጄን ጠባሳ እይ። ባለፈው ዓመት እዚሁ ቤት፣ እዚሁ ዳቦ ፊት እጄ ይድረቅ ብሎ ማለልኝ። አንዲት ጠገራ አልከፈለኝም፤ እጁም ይኸው አልደረቀ።"

ቄሱ ተቆጡ፤ ለገሠን አይደለም። "ይህ የማኅበር ቤት ነው ወይስ ችሎት? የጊዮርጊስ ጸበል ላይ የወንድምን ገመና ትገልጣለህ?" ሌሎቹም "ተው፣ ተው፣ ነውር ነው" እያሉ ቁጭ አሰኙት። ለገሠ አዝኖ አንገቱን ደፋ፤ ያየው ሁሉ አዘነለት።

ኪዳነወልድ ግን ላብ እያጠመቀው፣ ማንንም ሳያይ፣ "እኔ ዋስ አልሆንም" አለ። እንዲህ ያለው በሕይወቱ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ለገሠ ሳምንት ሳይሞላ ሌላ ዋስ አገኘ፤ ጠመንጃውንም ወሰደ። እንደሻው ከዚያ ማኅበር ወጣ።

ኮርቻውን ተወው ብለው ያሰቡ ነበሩ። አልተወውም። አው በድሪ በአንድ ጊዜ ከምንጠብቅ እንደ ብሩ አመጣጥ ቁራጭ ቁራጩን እንሥራው አሉት፤ መጀመሪያ ልጓሙን፣ በሌላው ዓመት እርካቡን። ኮርቻው ሙሉ ሲሆን እንደሻው ጢሙ ሽበት ጀምሮ ነበር። መስቀል ሜዳው ላይ ይዞት ወጣ፤ ጎረምሶቹም ሌላ የሚያሾፉበት አግኝተው ነበር። ማንም ኩታ አላለበሰውም። እርሱም አልጠበቀም።

ለገሠ ብሩን አልከፈለም። ይህ ሁሉ ሆኖ እንደሻውን የሚያንገበግበው ግን ብሩ አልነበረም። ምሰሶ ላይ ወጥቶ ሽቦ ሲወጥር፣ ለገሠ ከሥር በበቅሎ ሲያልፍ ቀና ይልና እንደ ጥንቱ ይጣራል።

"አበልጅ! እንደምን ዋልክ! ልጄ ደኅና ነው? ሳምልኝ!"

ድምፁ ውስጥ ቂም የለበትም፤ ጭንቀትም የለበትም። እንደሻው ሽቦውን በጥርሱ ነክሶ ይወጥረዋል፤ አይመልስለትም። በቅሎዋም ማን ዋስ የቆመባት እንደሆነች ላለማሰብ ይሞክራል።